ባለ 7 በ14 ትንሿ ቶርኖ፦ ከ14 ወር ሥራ በኋላ

የብራንዱን ስም አልጠቅስም፤ ከቻይና በተለያየ ቀለም የሚመጡት ባለ 7 በ14 ቶርኖዎች (ብረት እያሽከረከሩ የሚልጡ ማሽኖች) አጥንታቸው አንድ ነው። ቁጥሩ በኢንች ነው፦ ከአልጋው በላይ 180 ሚሊ ውፍረት ይዞራል፣ በቻክ (ዕቃውን ይዞ በሚያዞረው ራስ) እና በቴልስቶክ (ከወዲያኛው ጫፍ በሚደግፈው) መካከል 350 ሚሊ ይገባል። ይህን አምናችሁ ሥራ እንዳትቀበሉ፤ ዕቃው ከክሮስ ስላይዱ (መቁረጫውን ቱል ወደ ዕቃው ከሚያስጠጋው ተንሸራታች) በላይ ማለፍ ካለበት ወደ 110 ሚሊ ይወርዳል። በቻኩ መሃል የሚያልፈውም እስከ 20 ሚሊ ብቻ ነው፤ ከዚያ የወፈረ ረጅም ዘንግ ተቆርጦ መምጣት አለበት።

ከሣጥን ወጥታ በዚያው ቀን ሥራ የምትጀምር ማሽን አይደለችም። ዝገት መከላከያ ግራሶዋን በነጭ ጋዝ አጥቦ ዘይት መቀባት ቀላሉ ነው። ዋናው ሥራ የጊቦቹ (የመንሸራተቻዎቹን ልልነት የሚያስተካክሉት ስስ ብረቶች) ነው፤ የክሮስ ስላይዱና የካሬጁ (በአልጋው ርዝመት የሚሄደው ክፍል) መንሸራተቻዎች ልል ሆነው ይመጣሉ። ዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ ሰዓት) አስደግፋችሁ ካሬጁን በእጅ ገፋ መለስ ስታደርጉት 0.15 ሚሊ ከተንቀሳቀሰ ምንም ዓይነት ቱል ብትገዙ ከመንቀጥቀጥ አያድናችሁም። እያንዳንዱን የጊብ ብሎን ስላይዱ እስኪይዝ ማጥበቅ፣ ሩብ ዙር እንኳ ሳይሞላ መመለስ፣ ብሎኑን በአለን ቁልፍ እንደያዙ ዳዶውን መቆለፍ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በመጨረሻ 0.02 ከደረሰ በቂ ነው። በየሁለት ሦስት ወሩ መድገም ግድ ይላል።

ቀጥሎ ቴልስቶኩ። ዘንግ በሁለቱም ጫፍ በሴንተር (በሹል መደገፊያ) ያዙና 200 ሚሊ በተራራቁ ሁለት ቦታዎች ላይ፣ ክሮስ ስላይዱን ሳትነኩ፣ ስስ አድርጋችሁ ላጡ። በቴልስቶኩ በኩል 0.06 ከወፈረ ቴልስቶኩን ወደ እናንተ 0.03 አምጡ፤ የልዩነቱን ግማሽ ማለት ነው።

በመላጥ ሥራ ማሽኗ አታሳፍርም፣ አቅሟን ካወቁላት። ለፍጥነት 318ን በመቁረጫ ፍጥነቱ (ሜትር በደቂቃ) አባዝቶ ለዲያሜትሩ ማካፈል ነው። 20 ሚሊ ለስላሳ ብረት በኤችኤስኤስ (ሃይ ስፒድ ስቲል) ቱል፣ በ25 ሜትር ሲሰላ፣ በደቂቃ ወደ 400 ዙር ይመጣል፤ አሉሚኒየም እስከ 1200 ይችላል። ጥልቀቱ ለብረት በአንድ ወገን 0.5 ሚሊ። 1 ሚሊ ስትሞክሩ ሞተሩ ያቃስታል፣ የላጠውም ገጽ ሞገድ ይሆናል። ካርባይድ (ከኤችኤስኤስ የጠነከረው የቱል ዓይነት) ይሻላል የሚለውን ወሬ ለዚህች ማሽን አልቀበለውም። ርካሹ የካርባይድ ቢት ጠርዙ ደነዝ ስለሆነ ግፊት ይፈልጋል፤ 40 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ቶርኖ ደግሞ ግፊቱን አትችለውም። በሞላ (በመሳያ ድንጋይ) በደንብ የተሳለ ኤችኤስኤስ የበለጠ ያጠራል። አሉሚኒየም ቱሉ ጫፍ ላይ እየተጣበቀ ካስቸገረ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጉበት፤ ነሐስ በደረቁ ይሠራል።

የቱሉ ጫፍ ከመሃሉ ጋር እኩል መሆን አለበት። ይህን ለማየት ስስ የብረት ማስመሪያ በዘንጉና በቱሉ ጫፍ መካከል ቀስ ብላችሁ አጣብቁ፦ ቀጥ ብሎ ከቆመ ልክ ነው፣ አናቱ ወደ እናንተ ካጋደለ ቱሉ ዝቅ ብሏል፣ ወደ ወዲያ ከሄደ ከፍ ብሏል። ዝቅ ካለ ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ ከሥሩ ይግባ፤ አንዱ ብቻውን 0.1 ሚሊ ያህላል።

ስለ ብረቱም አንድ ነገር። ከምናለሽ ተራ የሚገኘው ቁርጥራጭ ርካሽ ነው፣ ምንነቱ ግን አይታወቅም። መጀመሪያ ሞረድ አስነኩት፤ ሞረዱ ሳይነክስ ከተንሸራተተ ተውት። ፌሮ ላይም ጊዜ አታባክኑ፤ ውስጡ ጠጣር ነጥብ ስላለው ቱሉን በድንገት ያዘልለዋል።

መቁረጥ (ከዘንጉ ቆርጦ መለየት) ዋናው ድክመቷ ነው። የ2 ሚሊ ምላጭ፣ ከቱል ፖስቱ የወጣው በሚቻለው መጠን አጭር፣ ቦታው ለቻኩ የቀረበ፣ ፍጥነቱ 250 ዙር አካባቢ፣ ዘይት ያልተለየው። እጅ ማመንታት የለበትም፤ ስትፈሩና ስታዘገዩ ምላጩ ሳይቆርጥ ይፋተጋል፣ ከዚያ ድንገት ነክሶ ይገባል። ያኔ የሚሰበረው በራስጌ ሣጥኑ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ማርሽ ነው። በብረት የሚቀይሩት አሉ። እኔ ፕላስቲኩን ትቼ መለዋወጫ ሁለት ማስቀመጥን እመርጣለሁ፤ እንደ ፊውዝ ነው፣ እሱ ካልተሰበረ ተራው የሞተሩ ነው።

የብሎን ጥርስ ማውጣት በተቃራኒው ያስደስታል። ሊድ ስክሩ (ካሬጁን የሚነዳው ረጅም ብሎን) ከጥርስ ጥርስ 1.5 ሚሊ ስለሆነ ለኤም 8 (ከጥርስ ጥርስ 1.25) የማርሹ ዝምድና 50 ለ60፣ ለኤም 6 (1.0) 40 ለ60፣ ለኤም 10 አንድ ለአንድ ነው። ለኤም 8 ዘንጉን 7.9 ላጡ፤ ጠቅላላ ጥልቀቱ 0.77 ሚሊ ይሆናል፦ በ0.2 ጀምሩ፣ እየቀነሳችሁ በ0.03 ጨርሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ 1.25ና 1.0 ለ1.5 እኩል ስለማያካፍሉ ሃፍ ነቱን (ካሬጁን ከሊድ ስክሩ ጋር የሚያያይዘውን) መክፈት የለም፤ ቱሉን አውጥቶ ሞተሩን ወደ ኋላ ማዞር ነው። 1.5፣ 0.75 እና 0.5 ከሆነ ግን የትም ከፍታችሁ የትም ብትዘጉ ጥርሱን ያገኘዋል። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ አትደንግጡ፤ ሃፍ ነቱ ተዘግቶ እስከቆየ ድረስ ጥርሱ አይጠፋም፣ ቱሉን ብቻ ወደ ውጭ ሳቡት። መብራት ሲመለስ ማሽኗ በራሷ አትነሳም፤ አረንጓዴውን ቁልፍ ትጠብቃለች።

ኑርሊንግ (እጅ እንዳያንሸራትት ገጹን ማሻከር) በአንድ ወገን በሚገፋ መሣሪያ አትሥሩ፣ ኩሽኔታውን ይጨርሳል። ከላይና ከታች እንደ መቀስ የሚይዘውን ግዙ።

በ14 ወር ከማርሹ ሌላ የተቀየረው የሞተሩ ካርቦን ብሩሽ ነው። ብልጭታው ሲበዛ ማየት ያስፈልጋል። የፍጥነት መቆጣጠሪያው ሣጥን ክፍተትም በስስ ፕላስቲክ ይሸፈን፤ አንድ የብረት ፍቅፋቂ ቦርዱ ላይ ቢወድቅ ሾርት ያደርገዋል።

ከፋብሪካ በቻኩ ዘንግ ላይ የሚገጠመው ኩሽኔታ 6206 (ባለ ኳስ) ነው፤ በዘንጉ ርዝመት አቅጣጫ የሚመጣ ጫና አይወድም። በ30206 (ባለ ሾጣጣ ሮለር) መቀየር ገጹን በግልጽ ያጠራዋል። ግን 6206 ስፋቱ 16፣ 30206 ደግሞ 17.25 ሚሊ ስለሆነ ስፔሰሮቹ (ከኩሽኔታው ጎን የሚገቡት ቀለበቶች) በዚያው ልክ ማጠር አለባቸው። አዲሶቹን ስፔሰሮች ማሽኗን ከመፍታታችሁ በፊት በራሷ ላይ ሥሯቸው፤ ከፈታችኋት በኋላ ሰው ቶርኖ ቤት ወረፋ መያዝ ነው።