ከስተመር ሰክሰስ፦ የጥያቄው ኢንተርቪው እና የትወናው

ለከስተመር ሰክሰስ ሥራ፣ ማለትም ደንበኞች የገዙትን ሶፍትዌር በደንብ ተጠቅመው ውላቸውን እንዲያድሱ ለሚያግዝ ሠራተኛ ቦታ፣ ሁለት ሶፍትዌር ድርጅቶች ጋ ተፈትኛለሁ። አንዱ በጥያቄ፣ ሌላው በትወና።

የጥያቄው ቀላል ነበር። “የተቆጣ ደንበኛ ገጥሞሽ ያውቃል? ምን አደረግሽ?” ዓይነት ነው። ሦስት ታሪክ ሸምድጄ ሄድኩ፣ ሦስቱንም አወራሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ።

የትወናው ግን ላብ በላብ አደረገኝ። ጠያቂዋ ደንበኛ ሆነች። “ለ50 ሰው ከፍለናል፣ የሚጠቀሙት 12 ብቻ ናቸው። ውሉን አናድስም” አለችኝ። እኔ ሆዬ ቸኩዬ ቅናሽ አቀረብኩ! ፊቷ ሲቀየር በዙም አየሁት። መጠየቅ የነበረብኝ የቀሩት 38ቱ ለምን እንደማይገቡ ነበር። ሥልጠና አላገኙም? ወይስ ሶፍትዌሩን ያስገዛው ኃላፊ ሥራ ለቋል? የድጋፍ ሠራተኛ ደንበኛው እስኪደውል ይጠብቃል። ይሄኛው ሥራ ግን ደንበኛው ልቡ ሲሸፍት ቀድሞ ማወቅ ነው። በጥያቄው ኢንተርቪው ይህን ማንም አልፈተነኝም።

በጥያቄው አለፍኩ፣ በትወናው ወደቅኩ። ድጋሚ ምረጪ ብባል ግን የትወናውን ነው። ሥራው ምን እንደሚመስል ያየሁት እዚያ ነው። የቅጥር ማስታወቂያው እንደሆነ “ተግባቢ የሆነች/የሆነ” ከማለት ሌላ ምንም አይልም።