ሐመሩን ሐ የምታውቅ ልጅ ያለችበት ማተሚያ ቤት (አዳማ)

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዷን ለምን እንዳስቀረሁ እነግራችኋለሁ።

ቦታው ከፍራንኮ ወረድ ብሎ ያለ ትንሽ ማተሚያ ቤት ነው። ባነር፣ የሠርግ ካርድ፣ የባጃጅ ስቲከር፣ ያገኙትን ይሠራሉ። ስሙን አልጽፍም። ባለቤቱ «ስማችንን እንዳትጠራ» ብሎ ለምኖኛል፤ ለምን እንደለመነኝ ከታች ታገኙታላችሁ።

እኛ ጥቂት የሕግ ሰዎች በወር አንዴ ቡና እየጠጣን የምንጨዋወትበት ልማድ አለን። ባለፈው ወር ተረኛው እኔ ነበርኩና በስደትና በጫና ውስጥ ሆነው የሚሠሩ የፍልስጤም የመብትና የሲቪክ ድርጅቶችን እናመስግን አልኩ። አንድ ባነር፣ 8 የምስክር ወረቀት በፍሬም። ባለቤቱ ዝርዝሩን አየ፣ ስልኩን አወጣ፣ ጎግል አደረገ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ እነዚህ አሸባሪ ተብለዋል እኮ። ማህተም ያለው ደብዳቤ ይዘሃል?» አለኝ።

አልተቀየምኩትም። በ2001 ዓ.ም. አዋጅ 621 ወጥቶ በመብት ላይ የሚሠራ የአገር ውስጥ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከ10 በመቶ አይለፍ ሲባል የማውቃቸው ሰዎች ጠረጴዛቸውን ሲሸጡ አይቻለሁ፣ እስከ 2011 ድረስ ከዚያ አዋጅ ጋር ኖረናል፣ ስለዚህ የማተሚያ ቤት ሰው ደብዳቤ ሲጠይቅ ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና አስረዳሁት። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 የእስራኤል መከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ቤኒ ጋንትዝ 6 ድርጅቶችን በአሸባሪነት ፈረጁ። «የፍልስጤም ነፃነት ሕዝባዊ ግንባር (የታጠቀ የፖለቲካ ቡድን ነው) ክንፍ ናችሁ» ነው ክሱ፤ እነሱ አይደለንም ይላሉ። በዓመቱ ጁላይ ላይ 9 የአውሮፓ አገሮች፣ ጀርመንና ፈረንሳይ ሳይቀሩ፣ አቋማችንን የሚያስቀይር በቂ ማስረጃ አልደረሰንም፣ አብረን መሥራታችንን እንቀጥላለን አሉ። ኦገስት 18 ቀን ግን የእስራኤል ወታደሮች ዌስት ባንክ፣ ራማላ ያሉትን የድርጅቶቹን ቢሮዎች ሰብረው ገቡ፣ ዕቃ ወሰዱ፣ በሮቹን በብረት ዘጉ።

ባለቤቱ ዞር ብሎ የራሱን የብረት በር አየ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ብረቱን ነቅለው ሥራቸውን ቀጠሉ።»

ትንሽ ዝም አለ። «በል ቀብድ ክፈል» አለኝ፣ ስማችንን እንዳትጠራ ያለውም ያኔ ነው። ባነሩ በካሬ 450 ብር፣ ፍሬሙ ለብቻው። ለአዳማ ዋጋው ደህና ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ። ዲዛይነሯ ከሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት አትበልጥም። እኔ በወረቀት ጽፌ የሰጠኋት «አል-ሀቅ» ብዬ ነበር፣ በሃሌታው ሀ። ቁርአን የቀራች ልጅ ናትና ቀና ብላ «ጋሼ፣ ይሄኛው ከጉሮሮ የሚወጣው ነው፣ በሐመሩ ሐ ይሁን» አለችኝ። አፈርኩ። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የሚሠራውን የመብት ድርጅት ላመሰግን ብዬ ስሙን አበላሽቼ! ደግሞ ቃሉ እኮ የኛም ነው፣ ሐቅ ያው ሐቅ ነው። ጋዛ ያለው ሌላው የመብት ድርጅት አል-ሚዛንም ሚዛን ነው፣ ምንም ትርጉም አይፈልግም። ሁለቱን ፊደል ጎን ለጎን አድርጋ በስክሪኑ ላይ አጎላችልኝና የትኛው እንደሚያምር ሳይሆን የትኛው ልክ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንዲህ ያለ ዲዛይነር አዳማ ውስጥ ብዙ አላየሁም፤ አብዛኛው ያመጣኸውን ስህተት እንዳለ አትሞ ገንዘብ ይቀበላል።

ሎጎ በጥሩ ጥራት ስጠን ሲሉኝ ዩቲዩብ ገጻቸው ላይ እናገኛለን ብዬ ከፈትን። የለም። ሌላውንም ሞከርን፣ እሱም የለም። አሜሪካ በሴፕቴምበር 2025 አል-ሐቅን፣ አል-ሚዛንንና መቀመጫውን ጋዛ ያደረገውን የፍልስጤም የሰብዓዊ መብት ማዕከል ከዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ጋር በመሥራታቸው ማዕቀብ ጣለችባቸው፣ ዩቲዩብም ማዕቀቡን ተከትሎ የሦስቱንም ገጽ ዘጋው፣ ከ700 በላይ ቪዲዮ አብሮ ሄደ። ይህንን በወሬ አውቀው ነበር፣ ልጅቷ ሦስቴ ሪፍሬሽ ስታደርግ ግን ሌላ ነገር ነው። ሎጎውን ከድሮ ሪፖርት ላይ ቆርጣ፣ ጫፍ ጫፉን በእጇ አጥርታ ሠራችው። አንድ ሰዓት ፈጀባት። ተጨማሪ አላስከፈለችም።

የፍልስጤም ገበሬዎችን ለሚረዳው የግብርና ሥራ ኮሚቴዎች ኅብረት የሚሆነው ላይ የስንዴ ዛላ ላድርግበት አለች፣ አድርጊ አልኳት። እግረ መንገዴን ኬብሮን የነበረው የአገር ዘር ማባዣቸው በጁላይ 2025 በቡልዶዘር እንደፈረሰ ነገርኳት። ባለቤቱ ከጓዳ ሆኖ ሰማ። የአርሲ ልጅ ነው። «ዘር ምን አደረጋቸው?» ብሎ ወጣ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን ወደ ቀነስኩት ኮከብ። ሐሙስ ይደርሳል የተባለው ሥራ ቅዳሜ ደረሰ፣ ስልክ ቢደወል የሚያነሳ የለም። ይሄን እንኳ እንለፈው፣ ያው አዳማ ነው። ፍሬሞቹን ቤት ወስጄ አንድ በአንድ ሳነብ ግን አዳሚር ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። አዳሚር ማለት ሕሊና ማለት ነው፤ ለፍልስጤም እስረኞች ጥብቅና የሚቆም ድርጅት ነው፣ በተለይ ያለ ክስ 6 ወር ታስረው 6 ወሩ ሲያልቅ ሌላ 6 ወር ለሚጨመርባቸው። ጠበቃቸው ሳላህ ሐሙሪ ራሱ እንዲሁ ታስሮ ነው በዲሴምበር 2022 ወደ ፈረንሳይ የተባረረው። የምስክር ወረቀቱ ምን ይላል? «በበጀት ዓመቱ በሽያጭ ላስመዘገባችሁት የላቀ ውጤት።»

የሌላ ደንበኛ ፋይል ላይ ስሙን ብቻ ቀይረው ነው ያተሙት። ባለቤቴ እስክታነባ ሳቀች። እኔም ሳልስቅ አልቀረሁም፣ ግን ፕሮግራሙ በማግስቱ ነበርና ባጃጅ ይዤ በረርኩ። ልጅቷ ስታየው ፊቷ ቀላ፤ እሷ በሌለችበት ሌላው ልጅ ነበር የሠራው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ በነፃ አስተካክለው ሰጡኝ። ስህተቱን ባይክዱም ከማስረከባቸው በፊት አንድ ሰው ማንበብ ነበረበት።

ባነሩስ? ጥራቱ ጥሩ ነው፣ ቀለሙ በፀሐይ እስካሁን አልለቀቀም። የነፋስ ቀዳዳ ይኑረው ብዬ ግን አልተናገርኩም፣ እነሱም አላስታወሱኝም። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ። በረንዳው ላይ ከተሰቀለ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ የግራው ጫፍ ተቀደደ፣ አንደኛው ጓደኛችን ቀኑን ሙሉ በእጁ ይዞት ቆመ። እናንተ ስታሠሩ ቀዳዳ ብላችሁ ተናገሩ።

«ፍሬሙን ማነው የሚቀበለው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር ባለቤቱ። ማንም አልኩት። ስካን ተደርጎ በኢሜይል ይሄዳል፣ ፍሬሙ ቡና የምንጠጣበት ቤት ግድግዳ ላይ ይቀራል። ስካናቸው ጥሩ ነው፣ ፊደሉ አይደበዝዝም፣ ሐመሩ ሐ ከነሦስት እግሩ ጥርት ብሎ ይታያል። ከ8ቱ 3ቱ እስካሁን መልስ ጽፈውልናል።

ከሄዳችሁ ጠዋት ሂዱ። ቅዳሜ ከሰዓት የሠርግ ካርድ ሰልፍ ነው፣ ልጅቷም ዓርብ ከጁምዓ በፊት ትወጣለች።