አሥራ አንድ ወር ከሚፋይዬ ጋር

ሚፋይዋን፣ ማለትም ሲም ካርድ ገብቶባት ዋይፋይ የምትሰጠውን ትንሽ ሳጥን፣ የገዛኋት በንዴት ነው። ፍራንክፈርት የተከራየኋት ክፍል ኢንተርኔት የላትም። ላስገባ ብዬ ብጠይቅ «ውሉ 24 ወር ነው» ተባልኩ። ክፍሏን የያዝኩት ደግሞ ለስድስት ወር ነው፤ እሱንም ከተከራይ ላይ ተከራይቼ። በማግስቱ 55 ዩሮ ከፍዬ ሳሙና የምታክል ጥቁር ሳጥን ይዤ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቤት ቀይሬያለሁ። ኢንተርኔቴ ግን በቦርሳዬ ይከተለኛል።

«ስልክሽን ሆትስፖት አታደርጊውም?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ስልኬ ሁለት ሲም ነው የሚይዘው። አንዱ የአዲስ አበባ ቁጥሬ ነው። ቴሌግራሜም፣ የባንኬ መልእክትም በእሱ ስለሚመጣ ሞቼ አላወጣውም። ሌላው የሥራ ነው። ሆትስፖት ሲከፈትበት የሚውል ስልክ ደግሞ ማታ ላይ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ።

ሲም ካርዱን ማስከፈት ሳጥኗን ከመግዛት ይከብዳል። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ቅድመ ክፍያ ሲም ያለ መታወቂያ አይሠራም። ፓስፖርትሽን በቪዲዮ አሳዪ አሉኝ። ቪዲዮው ሁለቴ ተቋረጠ፤ ኢንተርኔት የለኝማ! በመጨረሻ ፖስታ ቤት ሄጄ በአካል ጨረስኩት። ጥቅሉ በየ28 ቀኑ ይታደሳል። ስለዚህ በዓመት 13 ጊዜ እከፍላለሁ። አሥራ ሦስት ወር ያለን እኛ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ካርቶኑ ላይ 150 ሜጋቢት በሰከንድ ይላል። እርሱት። መስኮት ላይ ሳስቀምጣት 30 አካባቢ አገኛለሁ። አልጋዬ አጠገብ ስትሆን 6። የድሮ ሕንፃ ግድግዳ ወፍራም ነው። ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ይባስ ትንቀራፈፋለች። ለቪዲዮ ጥሪ ግን አላሳፈረችኝም። እሑድ እሑድ ከእማዬ ጋር አንድ ሰዓት እናወራለን፤ በዚያች ሰዓት ከግማሽ ጊጋ በላይ ትበላለች።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ለፋሲካ ነው። እህቴ ጋ ሚላኖ በባቡር ስሄድ ምንም አላሰብኩም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ የጀርመን ሲም እንደ አገሩ ይሠራል። የረሳሁት ነገር ባቡሩ በስዊዘርላንድ እንደሚያልፍ ነው። ስዊዘርላንድ ደግሞ ኅብረቱ ውስጥ የለችም። ባዝልን አልፈን ብዙም ሳንርቅ ኢንተርኔቱ ቀጥ አለ። ሂሳቤን ሳየው 9 ዩሮዬ የለም። እኔ እኮ ስልኬን እንኳን አልነካሁም!

ጥፋተኛው ራሱ ስልኬ ነበር። ለስልኩ ሚፋይዋ ማለት የቤት ዋይፋይ ነች። በዋይፋይ ነኝ ብሎ ካሰበ ደግሞ አይቆጥብም። ፎቶዎቼን ወደ ክላውድ ይጭናል፣ አፖችን ያድሳል። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር አደረግሁ። ስልኬ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ይህን ዋይፋይ «በገደብ የሚቆጠር» አልኩት። ብራውዘር ላይ 192.168.0.1 ብዬ የሚፋይዋን ገጽ ከፍቼ ደግሞ ዳታ ሮሚንጉን (በውጭ አገር ኔትወርክ ኢንተርኔት መጠቀሙን) ዘጋሁት። አሁን ድንበር ስሻገር ራሴ እከፍተዋለሁ። ሚፋይ ካላችሁ ዛሬውኑ አድርጉት።

ከዚያ በፊት ለገና አዲስ አበባ ይዣት ሄጄ ነበር። ለአንድ ኔትወርክ ያልተቆለፈች ስለሆነች የአገር ቤት ሲም ስከትባት ወዲያው ያዘች። አንድ ማታ እማዬ ቤት መብራት ጠፋ። የቤቱ ዋይፋይ አብሮ ጠፋ። ሚፋይዋ ግን ባትሪ አላት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቤተሰቡ በሙሉ እኔ ክፍል ተሰበሰበ። ሳጥኗ 10 ስልክ ትችላለች፤ የአክስቴ ልጆች ብቻ ሰባቱን ያዙት። ፓስወርዱን ማን እንደነገራቸው እስካሁን አላወቅሁም። እማዬ በሻማ ብርሃን ከወንድሜ ጋር በኢሞ እያወራች «ይቺ ነገር መብራት አትፈልግም እንዴ?» አለችኝ።

በሁሉም አገር ትሠራለች ብላችሁ ግን እንዳትሸወዱ። ጓደኛዬ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትሄድ አዋስኳት። እዚያ የገዛችውን ሲም ብትከትባት ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ደውላ ሰደበችኝ፤ እውነቷን ነው። የእኔዋ ባንድ (የኔትወርኩ የሞገድ ክልል) 3፣ 7 እና 20ን የመሳሰሉትን ነው የምትይዘው። አሜሪካኖቹ ደግሞ በብዛት ባንድ 2፣ 4፣ 12 እና 66 ይጠቀማሉ። ይህ ካርቶኑ ጀርባ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ተጽፏል። ማን ያነበዋል!

ሌላው ችግር ባትሪ ነው። 2000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ነው፤ ስምንት ሰዓት ይሠራል ይላሉ። አዲስ እያለች ስድስት ሰዓት ትሄድ ነበር። ስምንተኛው ወር ላይ ክዳኗ አልገጥም አለኝ። ስከፍተው ባትሪው እንደ ድፎ ዳቦ አብጧል። መስኮት ላይ፣ በሐምሌ ፀሐይ፣ ቀንና ሌሊት ቻርጅ ላይ ሰክቼ ነው የተውኳት፤ ያበጠው ለዚህ ይመስለኛል። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ያን ቀን አወጣሁት። ባትሪዋ የሚነቀል መሆኑ በጀኝ፤ አዲሱን በ14 ዩሮ ገዛሁ። የማይነቀል ቢሆን ኖሮ ሳጥኗ ራሷ ወደ ቆሻሻ ነበር። ቻርጀሯም የድሮው ዓይነት ነው፣ ታይፕ ሲ አይደለም። ለእሷ ብዬ አንድ ገመድ ተሸክሜ እዞራለሁ።

ብቻችሁን ለአንድ ሳምንት የምትጓዙ ከሆነ፣ ስልካችሁም ኢሲም (ካርድ የማይከተትበት፣ በኢንተርኔት የሚጫን ሲም) የሚቀበል ከሆነ፣ ሚፋይ አያስፈልጋችሁም። ኢሲሙን ግዙና ሂዱ። የእኔ ስልክ አይቀበልም። እንደኔ ቤት እየቀያየራችሁ የምትኖሩ ከሆነ ወይም በቡድን የምትሄዱ ከሆነ ግን 55 ዩሮው አይቆጫችሁም።

አሁን የራሴን ቤት ይዣለሁ፤ የ24 ወሩንም ውል ፈርሜያለሁ። ቴክኒሻኑ በሦስት ሳምንት ይመጣል ተብያለሁ። እማዬ ይህን ስትሰማ «እንግዲያ ያቺን ሳጥን ለእኔ» አለች። ለገና እወስድላታለሁ። አንድ መለዋወጫ ባትሪም ገዝቼላታለሁ። እሱን በእጅ ሻንጣዬ ነው የምይዘው፤ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም።