የኒው ዮርክ ከተማ ክፍት የመረጃ ድረ ገጽ፦ ከአዲስ አበባ ሲታይ

የከተማ ኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። በመረጃ ሳይንስ አንድ የከተማ ጉዳይ መመርመር ለሚፈልግ ሰው ከኮምፒውተርም ከሶፍትዌርም በፊት የሚያስፈልገው ደጅ ሳያስጠና የሚገኝ መረጃ ነው። የኒው ዮርክ ድረ ገጽ ምዝገባ አይጠይቅም፣ ክፍያ የለውም፣ ማኅተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤ አምጡ የሚል ጸሐፊም የለበትም። ነገሩ የሹማምንት ቸርነት እንዳይመስላችሁ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የወጣ የከተማው ሕግ መሥሪያ ቤቶቹን መረጃቸውን እንዲያወጡ ያስገድዳል።

እኔ አብዝቼ የምጠቀመው የ311ን፣ ማለትም የከተማውን የቅሬታ መቀበያ ስልክ ቁጥር፣ መዝገብ ነው። ነዋሪው ስለ ጩኸት፣ ስለ ቆሻሻ፣ ስለማይሠራ ማሞቂያ ወደ 311 ደውሎ ያቀረበው ቅሬታ ከ2010 ጀምሮ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱና ከነአድራሻው ተቀምጧል። በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ የሚጨመረው ከሦስት ሚሊዮን ረድፍ በላይ ስለሆነ በኤክሴል እከፍተዋለሁ ብሎ ማሰብ ከንቱ ድካም ነው። ደግነቱ ኤፒአይ (ፕሮግራም መረጃን በቀጥታ የሚጠይቅበት መንገድ) አለው፤ ከከተማው ክፍሎች አንዱ የሆነውን የብሮንክስን የጥር ወር የማሞቂያ ቅሬታ ብቻ ስጠኝ ቢሉት እሱኑ ለይቶ ይሰጣል። ኢንተርኔቱ ለሚንቀራፈፍበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የማሞቂያው ቅሬታ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በከተማው ሕግ ከጥቅምት 1 እስከ ግንቦት 31 (በእነሱ አቆጣጠር) ቀን ላይ የውጪው ሙቀት ከ55 ዲግሪ ፋራናይት በታች ሲወርድ አከራዩ ቤቱን ቢያንስ በ68 ዲግሪ ማሞቅ አለበት፤ ወደ እኛ መለኪያ ሲመጣ 20 ዲግሪ ሴልሲየስ መሆኑ ነው። ችኩል ተንታኝ ቅሬታውን ቆጥሮ ካርታ ይሠራና ቀይ የሆነውን ሰፈር ክፉ አከራይ የበዛበት ነው ይላል። መዝገቡ ግን የቆጠረው ስልክ ያነሡ ሰዎችን እንጂ የቀዘቀዙ ክፍሎችን አይደለም። በአንድ ማሞቂያ የሚጠቀም ሕንፃ ውስጥ ብዙ ተከራዮች ስለዚያው ብርድ ይደውላሉ። የውሳኔውን ዓምድ የሚያነብ ሰው ይህን ያገኘዋል፤ ጉዳዩን ሌላ ተከራይ ቀድሞ አመልክቷል የሚል ማስታወሻ አለ። ስለዚህ እኔ የምቆጥረው ረድፍን ሳይሆን ሕንፃንና ቀንን አጣምሬ ነው።

ከዚህ የሚከብደው የማይደውለው ሰው ነው። አከራዩን የሚፈራ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ተከራይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሊያድር ይችላል። እሱን ለማግኘት የሕንፃውን ዕድሜ፣ የዕለቱን ሙቀትና የሰፈሩን ገቢ አጋጥሞ፣ ቅሬታ ሊመጣበት ሲገባ ዝም ያለውን ሕንፃ መፈለግ ያስፈልጋል። መንገዱ እንግዳ አይደለም። በከንቲባ ብሉምበርግ ዘመን የከተማው የመረጃ ትንተና ቡድን፣ በሕገ ወጥ መንገድ ተከፋፍለው የሚከራዩ ቤቶችን በተመለከተ የሚመጣውን ጥቆማ ከሕንፃው ዕድሜ፣ ከግብር ውዝፍና ከመሳሰሉት መዝገቦች ጋር አዛምዶ ተቆጣጣሪዎች ቀድመው የሚሄዱበትን ቤት ለየ። ቀድሞ ከፍተሻዎቹ 13 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው ቤቱ ይለቀቅ በሚል ትእዛዝ ያበቁት፤ ከዚያ በኋላ ከ70 በመቶ በላይ ሆነ። ተቆጣጣሪ ሳይጨመር ማለት ነው።

የታክሲ ጉዞዎች መረጃም ጥሩ ነው። ከ2022 ወዲህ ፓርኬ በሚባል መረጃን አጭቆ በሚያስቀምጥ የፋይል ቅርጽ ስለሚወጣ ፋይሉ ትንሽ ነው። መነሻና መድረሻው ግን ከ2016 አጋማሽ ጀምሮ በቀጠና ቁጥር ብቻ ስለሚገለጽ የመንገድ ጥግ ድረስ ማየት አይቻልም። የተሳፋሪን ግላዊነት ለመጠበቅ ይህ ተገቢ ነው እላለሁ።

ድረ ገጹ ላይ ያሉት የራሱ ሰንጠረዥና ካርታ መሥሪያዎች ግን አይረቡም፤ ጊዜ አታጥፉባቸው። የዓምዶቹ ማብራሪያም ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይለያያል፤ አንዱ በዝርዝር ይጽፋል፣ ሌላው የዓምዱን ስም ደግሞ ይጽፍና ማብራሪያ ይለዋል። ከሁሉ የሚያበሳጨው የቅሬታ ዓይነቶች ስም በየጊዜው መለወጡ ነው። የማሞቂያው ቅሬታ እስከ 2014 ድረስ «ማሞቂያ» ተብሎ ሲመዘገብ ቆይቶ፣ ከዚያ «ሙቀትና ሙቅ ውኃ» በሚል ስም ቀጠለ። ሁለቱን ሳይደምር ግራፍ የሚሠራ ሰው በዚያ ዓመት የኒው ዮርክ ማሞቂያ ሁሉ የተጠገነ ይመስለዋል።