በአራት ሰው ጣት የተፈተነች የኦክስጅን መለኪያ

ይህችን ዕቃ የገዛኋት መጋቢት 2013 መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ የኦክስጅን ሲሊንደር የሚፈልግ ሰው ስልክ ሲደውል ነበር የሚያድረው። ክትባቱ የተጀመረው በዚያው ወር በ4 ነው፤ አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ከተገኘ ልክ ዓመት በሞላው ቀን። እኔ ግን ወረፋው ገና አልደረሰኝም። የደረሰኝ ማንም ስሟን የማያውቃት፣ የልብስ መቆንጠጫ የምትመስል ቻይና ሠራሽ ፐልስ ኦክሲሜትር ናት። ወደ 2 ሺህ ብር ከፈልኩባት። ፋርማሲስቱ "ሁሉም ያው ናቸው፣ ጣትሽን መክተት ብቻ ነው" አለኝ።

ያው አይደሉም። መክተት ብቻም አይደለም።

አሠራሯ ቀላል ነው። ሁለት መብራት አላት፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ። ኦክስጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም እነዚህን ብርሃኖች እኩል አይውጡም፤ ኦክስጅን ያጣው ቀዩን በብዛት ይውጣል። እሷ ከጣቱ ማዶ ያለፈውን ብርሃን ትለካና፣ ከልብ ምት ጋር ከፍ ዝቅ የሚለውን ብቻ ለይታ ደሙ ከመቶ ስንት ኦክስጅን እንደያዘ ታወጣለች። ዘዴውን በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጀመሪያ ያገኘው ታኩኦ አዮያጊ የሚባል ጃፓናዊ ኢንጂነር ነው። ሰውዬው ያረፈው ሚያዝያ 2012 ላይ፣ ዓለም በሙሉ የእሱን ዕቃ ሲሻማ ነው።

የመጀመሪያው ግራ መጋባት በገዛኋት ማታ መጣ። ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ሠንጠረዥ ልካልን ነበር፤ ከ95 በታች ከሆነ ወደ ሆስፒታል ሂዱ የሚል። ማንም ሳያመው ቤት ያለን ሁሉ ተለካን። እማዬ 93። ወንድሜ 94። እኔ 95 ለጥቂት አለፍኩ። በሠንጠረዡ ብንሄድ እማዬና ወንድሜ ያኔውኑ ታክሲ ሊጠራላቸው ነው።

ነገሩ ሌላ ነው። ዱባይ ባሕር ጫፍ ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ። የእኛ አየር ግፊቱ ከዚያኛው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ደጋ ላይ ጤነኛ ሰው ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢነበብ የሚያስደነግጥ አይደለም። እኔ ያደረግኩት፣ የእያንዳንዳችንን የደህና ቀን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ ፍሪጁ በር ላይ መለጠፍ ነው። 2 ሺህ ብሩን ያስመለሰልኝ ያ ወረቀት ነው እላለሁ። ከዕቃዋ ጋር ደግሞ አይሰጥም!

ከዚያ ሁለት ሳምንት እንኳን ሳይሞላ ኮሮና ቤታችን ገባ። ፋሲካ አልደረሰም፣ ጾም ላይ ነን። ማን እንዳመጣው እስካሁን እንካሰሳለን።

አንድ ቤት፣ አንድ ሳምንት፣ አንድ ቫይረስ ነው እንግዲህ። የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቀን ንፍጥ ብቻ፣ ከዚያ ሶፋ ላይ መዝለሏን ቀጠለች። እኔ ሁለት ቀን አተኮሰኝና ሽታ ጠፋብኝ። ሽታ መጥፋት ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ሽሮው አርሮ ድስቱ እስኪጠቁር አጠገቡ ቆሜ ስልክ ሳወራ ነው፤ የነገረችኝ ጎረቤት ናት፣ በአጥር በኩል። የእኔ የኦክስጅን ቁጥር ከ94 ወርዶ አያውቅም።

ሁላችንም የፈራነው ለእማዬ ነበር። 67 ዓመቷ ነው፣ ስኳርም ግፊትም አለባት። ትኩሳት፣ ሳል፣ ቁርጥማት፣ ምግብ እምቢ ማለት፤ ያልመጣባት የለም። በየሦስት ሰዓቱ ጣቷን ስንቆነጥጥ ተማርራ "ይህን ነገር ከእኔ ላይ አንሱልኝ" እስክትል ደረሰች። ቁጥሯ ግን 91፣ 92 ላይ ቆመ። ከራሷ የደህና ቀን አንድ ሁለት ብቻ መውረዱ ነው።

አንድ ጠዋት ግን 84 አለች። ቤቱ ተተራመሰ። ወንድሜ ጫማውን እያሰረ፣ እኔ መታወቂያዋን እየፈለግኩ፣ ጎረቤት አጥሩ ላይ። ቀና ብዬ እጇን ሳይ ለሠርግ የሞቀችው እንሶስላ ጥፍሯ ላይ ቀርቷል፣ ጣቷ ደግሞ በረዶ ነው። የጥፍር ቀለምም ሆነ የቀዘቀዘ ጣት ይህችን ዕቃ ያሳስታታል። እጇን ለብ ባለ ውኃ አሙቀን፣ ቀለሙ የለቀቀበትን ጣት መርጠን፣ አንድ ደቂቃ ዝም ብላ እንድትቀመጥ አድርገን ደገምነው። 92።

ሌላም ጉድ አለባት። መብራት በጠፋበት ማታ ልጅቷን ለካኋት፣ 86! ጨለማ ውስጥ የሚታየው ቀዩ ቁጥር ብቻ ነው። ለካ ዕቃዋን ገልብጬ ነው የያዝኩት። 98 ሲገለበጥ 86 ሆኖ ይነበባል፤ እስቲ ወረቀት ላይ ጻፉና አዙሩት። ውድ የሆኑት ቁጥሩን ራሳቸው ያዞሩታል ይባላል፣ የእኔዋ ግን እንዳያያዝሽ ናት። ለዚህ አንድ ኮከብ ቀንሻለሁ።

አሁን ወደ ወንድሜ ልምጣ። 36 ዓመቱ ነው፣ ጂም የሚሠራ፣ ትንሽ ሞላ ያለ፣ ምንም በሽታ የሌለበት። እሱን የሚለካው ሰው አልነበረም፤ እማዬን ሲለካ የሚውለው እሱ ነው። ከታመመ በስምንተኛው ቀን ሶፋ ላይ ተጋድሞ ኳስ ያያል። ሽሮ በልቷል፣ ዳኛውን ይሳደባል። ለጨዋታ ያህል ጣቱን ከተተ። 83።

ተሰብራለች አልን። የእኔን ለካሁ፣ 94። የእሱን መልሼ ብለካው 82። ሌላ ጣት፣ 83። አንዴ ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ 79። "ምንም አልሆንኩም እኮ፣ አታካብዱ" ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ትንፋሽ አጠረኝ የሚል ነገር የለውም። ግን ደረቱን እያየሁ ስቆጥር በደቂቃ ከ30 በላይ ይተነፍሳል፣ ራሱ ሳያውቀው።

በኋላ ዶክተሯ እንዳስረዳችን፣ የመታፈን ስሜት በዋነኛነት የሚመጣው ኦክስጅን ስላነሰ ሳይሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለተጠራቀመ ነው። ካርቦኑ ደግሞ ከሳንባ በቀላሉ ይወጣል። ስለዚህ ሳንባው ኦክስጅን ማስገባት አቅቶት ካርቦኑን ግን እያስወጣ ከሆነ፣ ሰውዬው ደሙ ባዶ እየሆነ ኳስ ያያል። ለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው ዕቃዋ የተሠራችው። በጣም ታማ የምታቃስተው እናቴ ቤት ዳነች፣ ዳኛ የሚሳደበው ወንድሜ ዘጠኝ ቀን ኦክስጅን ላይ ተኛ።

ሆስፒታል ሲደርስ ከእጅ አንጓው የደም ሥር ደም ቀድተው ለኩት። ውጤቱ ከእኔ መለኪያ በአራት ያንሳል። እንዲህ ያለው ልዩነት የርካሽ ዕቃ ጣጣ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ የወጣ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ የሆስፒታሎቹ ኦክሲሜትሮች ሳይቀሩ ደህና ቁጥር እያሳዩ ደሙ ግን ኦክስጅን ያነሰው ሆኖ የተገኘው ከነጮች ይልቅ በጥቁር ታካሚዎች ላይ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነው። የቆዳ ቀለምም ብርሃን ይውጣላ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በየካቲት 2021 (ይኼም በፈረንጆቹ) ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ፈቃድ ያገኘች መሣሪያ እንኳን 90 ስትል እውነተኛው ከ86 እስከ 94 ሊሆን ይችላል ብሎ። ለእኛ ጣት ስለዚህ 90 የምትለዋን በጥርጣሬ ነው ማየት፣ በተለይ ወደ ታች።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። ያቺ የአጥሯ ጎረቤታችን ለእማዬ ዴክሳ የሚባለውን ክኒን ከፋርማሲ ገዝታ መጣች። "ለኮሮና እሱ ነው መድኃኒቱ" አለች። ግማሹ ልክ ነው። በሰኔ 2020 የእንግሊዞቹ ትልቅ ሙከራ ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ ማሽን ላይ ካሉት ሞትን በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ከሚሰጣቸው በአንድ አምስተኛ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ኦክስጅን ለማያስፈልገው ሰው ግን አንዳች ጥቅም አልተገኘበትም። እማዬ ቁጥሯ አልወረደም፣ ስኳሯ ግን ያለ ዴክሳም 300 አልፎ ነበር፤ ዴክሳ ደግሞ ስኳር ይሰቅላል። ለወንድሜ የተሰጠው ያው መድኃኒት ነው፣ ለእሱ ሠራ። አንድ ክኒን፣ አንድ ቤት፣ ለአንዱ መዳኛ ለሌላዋ መዘዝ። ክኒኑን ምን እንዳደረግነው ለጎረቤታችን አልነገርናትም።

ለምን እሱ ሆነ ብለን ስንት ጊዜ ተጠያየቅን። ዕድሜ፣ ስኳር፣ ውፍረት፣ ወንድ መሆን፤ እነዚህ ዕድሉን ያበዛሉ እንጂ ማን እንደሚወድቅ አይናገሩም። በ2020 የወጣ አንድ ጥናት ክፉኛ የታመሙ 987 ሰዎችን መርምሮ፣ 101ዱ ቫይረስን መጀመሪያ የሚመክተውን ኢንተርፌሮን የሚባለውን የገዛ ራሳቸውን መከላከያ የሚያኮላሽ ፀረ እንግዳ አካል ደማቸው ውስጥ እንደነበር አገኘ። ከእነሱ 95ቱ ወንዶች ናቸው። ወንድሜን እንዲህ ያለ ምርመራ ያደረገለት የለም፣ እሱ በራሱ ሐሳብ ጂም ስላቋረጥኩ ነው ይላል።

እንግዲህ ለመግዛት ለምታስቡ። ስትገዙ እዚያው የእጅ አንጓችሁን የደም ምት በሰዓት ቁጠሩና እሷ ከምትለው ጋር አስተያዩ፤ ምቱን ከሳተች ኦክስጅኑንም አትመኗት። ሁለቱን ቁጥር አታምታቱ፤ እኔ አንዴ የልብ ምቷን 74 ኦክስጅን መስሎኝ ጮኼያለሁ። የመጀመሪያውን ቁጥር አትያዙ፣ እስኪረጋ ጠብቁ። ሰውዬው ተነስቶ ጥቂት ተራምዶ ሲመለስ ድገሙት፣ የወንድሜ ነገር የገነነው ያኔ ነው። እንፋሎቱም ዳማከሴውም ይሁን፣ ከመለኪያዋ ጋር አይጣሉም።

ስፕሪንጓ አሁን ላልቷል፣ የእህቴ ልጅ የአሻንጉሊት ጆሮ ላይ ስትሰካት ነው የላላው። የምትሠራው በሁለት የሪሞት ባትሪ ነው፤ ሳትጠቀሙባት ስትቆይ አውጡት፣ የእኔ አንዴ አፍስሶ በወረቀት ስፍቀው ነው የዋልኩት። ከአምስት አራት ሰጥቻታለሁ። ወንድሜ ቤት በመጣ ቁጥር መሳቢያውን ከፍቶ ጣቱን ይከታል። ባለፈው እሑድ 95 ነበር፣ ፍሪጁ ላይ ካለው በአንድ ይበልጣል፣ ወረቀቱን ቀይሪልኝ ብሎ እየጨቀጨቀኝ ነው።