«ሁሉም ተካቷል» ከሚለው የፔሎፖኔዝ የአንድ ቀን ጉዞ ተጠንቀቁ

ለእረፍት ወደ አቴንስ የምትሄዱ ወገኖች፣ ይቺን አንብባችሁ ክፈሉ። ፔሎፖኔዝ በሚባለው የደቡብ ግሪክ ክፍል ያሉትን ቆሮንቶስን፣ ሚኬኔን፣ ኤፒዳውሮስንና ናፍፕሊዮን በአንድ ቀን አሳይቶ ማታ አቴንስ የሚመልስ ጉዞ ይሸጣል። እኛ ቤተሰብ ሆነን ሄድንበት። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ተመሳሳይ ጉዞ የሚሸጡት ብዙ ናቸው፣ አሠራሩን ብታውቁ ይሻላል።

መጀመሪያ ቆሮንቶስ። እናቴ ጉዞውን የወደደችው በእሷ ምክንያት ነው፤ ጳውሎስ የሰበከባት ከተማ ናት። ሐዋርያት ሥራ 18 ላይ በጋልዮስ ፊት የቆመበት የፍርድ ወንበር ፍርስራሹ ዛሬም ይታያል። አውቶቡሱ ግን የቆመው መርከብ የሚያልፍበት የቆሮንቶስ ቦይ ድልድይ ላይ ነው። በ1893 የተከፈተው ቦይ ራሱ ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ጥንታዊቷ ከተማ ሌላ ቦታ ናት፤ በዚያም አላለፍንም። ማስታወቂያው ላይ «ቆሮንቶስ» ብቻ ካያችሁ የትኛዋ እንደሆነች በጽሁፍ ጠይቁ።

ሚኬኔ በር ላይ ደግሞ «ቲኬት በየራሳችሁ ግዙ» ተባልን። «ሁሉም» ማለት ለካ የአውቶቡስ ወንበርና የታሸገ ውሃ ነው። «አስጎብኚ» የተባለልንም ሹፌሩ ሆኖ ተገኘ፤ እሱም በሩ ላይ ቀረ። ግሪክ ውስጥ ጥንታዊ ስፍራ ገብቶ ማስረዳት የሚፈቀደው ፈቃድ ላለው አስጎብኚ ብቻ ስለሆነ በሹፌሩ አይፈረድም። የሚወቀሰው ሻጩ ነው።

ማስታወቂያውን ያደመቀው የወርቅ ጭምብል፣ ጀርመናዊው ቆፋሪ ሽሊማን በ1876 ሚኬኔ ያገኘው፣ በአፈ ታሪኩ ንጉሥ ስም «የአጋሜምኖን» የሚባለው፣ እዚያ የለም። ዋናው አቴንስ ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ሚኬኔ ያለው ቅጂው ነው። በአንበሶች በር ፎቶ ተነስተን ገና ሽቅብ ስንወጣ «ሰዓት ደርሷል» ተባለ። የአትሬዎስ ግምጃ ቤት የሚባለው ግዙፍ መቃብር በዚያው ቲኬት ይታያል፤ በሩ ላይ የተጋደመው አንድ ድንጋይ ብቻ ከ100 ቶን በላይ ነው። እሱን ዘለውት ሸክላ መሸጫ ወሰዱን። የቀኑ ረጅሙ ቆይታችን እዚያ ነበር፤ ለምን እንደሆነ መቼም ይገባችኋል።

ኤፒዳውሮስ ላይ ቲያትሩን አየን፣ አጨበጨብን፣ ወጣን። ድምፁ በእውነት ድንቅ ነው። ግን ቦታው መጀመሪያ የፈውስ ስፍራ ነበር፤ ሕሙማን የጥንት ግሪኮች የፈውስ አምላክ አስክሌፒዮስ በሕልም ይፈውሰናል ብለው ያድሩበት ነበር። መቅደሱና ሙዚየሙ እዚያው ግቢ፣ በዚያው ቲኬት ውስጥ ናቸው። ጊዜ ግን አልሰጡንም። ከ1829 እስከ 1834 የግሪክ ዋና ከተማ የነበረችው ናፍፕሊዮም ከምሳ ሌላ አልደረሳትም። ፓላሚዲ ምሽግን ከታች አንጋጠን አየነው።

ገንዘብ ማስመለስ ቀላል አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ ሕግ ከ24 ሰዓት ያነሰና አዳር የሌለውን ጉዞ አይሸፍንም። በኢንተርኔት የገዙትን በ14 ቀን የመሰረዝ መብትም ቀኑ ለተቆረጠ የመዝናኛ አገልግሎት አይሠራም። ስለዚህ ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አንሱ፤ በካርድ እንጂ በጥሬ ገንዘብ አትክፈሉ፣ ቢያንስ በባንካችሁ በኩል መከራከር ትችላላችሁ። ኑሯችሁ ጀርመን ወይም ጣሊያን ከሆነና ሻጩ ግሪክ ያለ ድርጅት ከሆነ፣ የአውሮፓ ሸማቾች ማዕከል በነፃ ያግዛችኋል።

እኔን ብትሰሙ አቴንስ ኪፊሶስ መናኸሪያ ሂዱና ኬቴል (KTEL) በሚባለው አገር አቋራጭ አውቶቡስ ናፍፕሊዮ ግቡ። እዚያ እደሩ። ሚኬኔና ኤፒዳውሮስ ከዚያ ቅርብ ናቸው። የአካባቢው አውቶቡስ ጥቂት ስለሆነ የመመለሻውን ሰዓት ከመሳፈራችሁ በፊት ጠይቁ፤ ታክሲ ከያዛችሁም የመጠበቂያውን ጭምር ዋጋ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከኖቬምበር እስከ ማርች የወሩ የመጀመሪያ እሁድ የመንግሥት ጥንታዊ ስፍራዎች መግቢያ ነፃ ነው፤ ታዲያ በዚያ ወቅት ቀደም ብለው ስለሚዘጉ በጠዋት ድረሱ።