ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ በቀጥታ ወይስ በትራንዚት?

ቲኬት ሊቆርጥ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዋጋውን ነው። እኔ ካርታውን አስቀድማለሁ። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት በአጭሩ የአየር መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፍራንክፈርት በኩል 11,900፣ በኢስታንቡል 12,100 አካባቢ ይሆናል። በዱባይ ግን ወደ 13,900 ይጠጋል። ወደ ምዕራብ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ስለምትበሩ ነው።

በሰዓት ሲታይ ነገሩ ይለወጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ አንድ አውሮፕላን ነው፤ ሲሄድ ግን እንደምናስበው ቀጥታ አይደለም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ ለዚህን ያህል መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ ለመነሳት ይቸገራል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ማረፊያው ይለዋወጣል፤ ሮምም ዱብሊንም ሆኖ ያውቃል። በጠቅላላው 17 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ሲመለስ ደለስ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል፤ በ13 ሰዓት ገደማ ሳያርፍ ቦሌ ይገባል።

በኢስታንቡል አየር ላይ የምትቆዩት 16 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ከቀጥታው አይበልጥም ማለት ይቻላል! የሚያስረዝመው መሃል ላይ ያለው ጥበቃ ነው። 2 ሰዓት ከሆነ እሰየው፤ 9 ሰዓት ከሆነ ቅናሹን ምግብና ድካም ይበላዋል። ፍራንክፈርትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን እንደ ፍራንክፈርት ባሉ የሼንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ኤርፖርቶች የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል፤ የሚሠራ የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ግን ከዚህ ነፃ ነው። ዱባይን የምመርጠው እዚያ ጉዳይ ካለኝ ወይም የዋጋው ልዩነት ዓይን የሚገባ ከሆነ ብቻ ነው።

ለእናት ወይም ለአባት ከሆነ ግን አልከራከርም፤ አንድ አውሮፕላን ይሁን። ነዳጅ ሲቀዳ ብዙውን ጊዜ ከመቀመጫቸው አይነሱም። በር መፈለግ የለ፣ በማያውቁት ቋንቋ መጠየቅ የለ። የግድ በትራንዚት ከሆነ ቲኬቱ ሲቆረጥ ዊልቸር አስመዝግቡላቸው። «እኔ ምን ሆኜ?» ቢሉም አስመዝግቡ፤ የሚገፋው ሰው ቀጣዩ በር ድረስ ያደርሳቸዋል።

ሁለት ለየብቻ የተቆረጡ ቲኬቶችን ማገጣጠም ርካሽ ይመስላል። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ግን ጣጣው የራሳችሁ ነው። ጉዞው በሙሉ በአንድ ቲኬት ከሆነ አየር መንገዱ በሌላ በረራ ሊያሳፍራችሁ ይገደዳል።

ሰዓቱንም አስተውሉ። ቲኬት ላይ 01:40 ተብሎ የተጻፈው በእኛ ከሌሊቱ 7፡40 ነው፤ ቀኑ ደግሞ በእኩለ ሌሊት ተቀይሯል። ቲኬቱ አርብ የሚል ከሆነ ቦሌ መገኘት ያለባችሁ ሐሙስ ማታ ነው። አርብ ማታ ሻንጣ እየገፋ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሊሞላው ነው።